ትንሹ ጎታች፦ ለሰማይ ዝላይ ፓራሹት ተተኪ ጎታች ስለመምረጥ

(በልደታ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ ከቀረበ ትምህርታዊ ንግግር የተገለበጠ። ለንባብ እንዲመች ድግግሞሹ ተቀንሷል፤ በሰሌዳ ላይ የተሠሩት ስሌቶችም በጽሑፍ ተተክተዋል።)



ዛሬ የምናገረው ስፋቱ አንድ ሜትር ስለማይሞላ ክብ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ተጣጥፎ በአንድ እጅ ጭብጥ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን ከአውሮፕላን በፈቃዱ የዘለለ ሰው በሕይወት ወደ ምድር መመለሱ በመጀመሪያ የሚወሰነው በዚህ ጨርቅ ነው። ጨርቁ ሲያረጅ በምን እንተካው? ጥያቄው ይህ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ ስፖርት የተወሰነ አይደለም፤ ማናቸውንም መለዋወጫ በሚገዛ ሰው ፊት የሚቆም ጥያቄ ነው።

ስለ ሰማይ ለመናገር ልደታ የማይመች ስፍራ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረው የልደታው ሜዳ ነው። የጄት ዘመን መጥቶ አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ቢዛወርም፣ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ ይጠራል። በዚያ ሜዳ ያረፉት የመጀመሪያዎቹ ሲ-47 አውሮፕላኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ነበሩ፤ የዚያ ዓይነት አውሮፕላን ደግሞ በጦርነቱ ወቅት በሺዎች የሚቆጠሩ የፓራሹት ወታደሮችን በአውሮፓ ሰማይ ላይ ያወረደ ነው።

ከዚያም ቀደም ብሎ አዲስ አበባ የፓራሹት ዝላይ አይታለች። በትሪኒዳድ ተወልዶ በኒው ዮርክ ዝናን ያተረፈውና «የሐርለም ጥቁሩ ንስር» የተባለው ሁበርት ጁሊያን፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ከተከበረው የዘውድ በዓል ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ከአውሮፕላን ዘሎ በሰላም አርፏል። ስለዚህም የኮሎኔል ማዕረግ ተሰጠው። ከበዓሉ ዋዜማ ግን የንጉሠ ነገሥቱን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን አብርሮ ሰበረውና ከአገር እንዲወጣ ተደረገ። ሕዝቡ የሚያስታውሰው የተሰበረውን አውሮፕላን ነው፤ ሥራውን በሚገባ የሠራውን ጨርቅ የሚያነሳ የለም። በትክክል የሠራ ዕቃ ታሪክ የለውም፤ ዛሬም የምንፈልገው እንዲህ ታሪክ የሌለው ዕቃ ነው።

የንግግሩ መነሻ የአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደብዳቤ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይኖራል፤ በትርፍ ጊዜው የሰማይ ዝላይ ይዘላል። የጻፈልኝ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «መምህር፣ ያገለገለ የዝላይ ትጥቅ ገዝቼ ስጠቀም ቆይቻለሁ። ሰሞኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ፓራሹቱ ወዲያው አልተከፈተም፤ ሁለት ሰከንድ ያህል ዘግይቶብኛል። ጎታቹ ያረጀ ይመስለኛል። አንድ ጓደኛዬ ከእኔ ያነሰ፣ ነገር ግን ከተሻለ ጨርቅ የተሠራ ጎታች በርካሽ ሊሸጥልኝ ነው። ከትጥቄ ጋር ሞክሬው ገጥሟል። ልግዛው?»

«ገጥሟል» የምትለውን ቃል ያዙልኝ፤ ወደ እርሷ እንመለሳለን።

ጎታቹ ምን ይሠራል?

ከሲ-47 አውሮፕላን የሚዘሉ ወታደሮች ፓራሹታቸውን ራሳቸው አይከፍቱም ነበር። ከአውሮፕላኑ ጋር የተያያዘ ገመድ ወታደሩ ሲወርድ ፓራሹቱን ከጀርባው ይመዝዘዋል፤ የሚጎትተው አውሮፕላኑ ነው። በስፖርት ዝላይ ግን ዘላዩ ከአውሮፕላኑ ርቆ ለአንድ ደቂቃ ያህል በነፃ ይወድቃል። በዚያ ሰዓት በዙሪያው አየር እንጂ ሌላ ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚጎትተውን ኃይል ከአየር መበደር አለበት። የሚበደርለት ትንሹ ፓራሹት ነው። ባለሙያዎች «ፓይለት ሹት» ይሉታል፤ እኔ ለዛሬ «ጎታቹ» እለዋለሁ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ዘላዩ ከጀርባ መያዣው ግርጌ ካለች የላስቲክ ኪስ ጎታቹን በእጁ መዝዞ ወደ ንጹሕ አየር ይወረውረዋል። ይህን በእጅ የሚወረወር ጎታች በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ቢል ቡዝ ነው፤ ከዚያ በፊት ጎታቹ በሞላ ብረት ተገፍቶ የሚወጣ ነበር። የተወረወረው ጎታች አየር ሲሞላ ረጅሙን ጥብጣብ ይወጥራል። ጥብጣቡ የጀርባውን መያዣ የዘጋውን ፒን ይነቅላል። መያዣው ሲከፈት ዋናው ፓራሹት የታጠፈበት ከረጢት ይወጣል፤ ገመዶቹ አንድ በአንድ ይዘረጋሉ፤ በመጨረሻም ዋናው ፓራሹት ከከረጢቱ ወጥቶ አየር ይሞላል። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ጎታቹ ከደከመ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ፒኑን ነቅሎ ከረጢቱን ለማንሳት ይዘገያል፤ ወይ ጨርሶ ማንሳት አቅቶት ከዘላዩ በላይ እየተንቀጠቀጠ ይከተላል። ሁለተኛው በዚህ ስፖርት ከሚፈሩት ብልሽቶች አንዱ ነው፤ ዘላዩ ፍጥነቱ ሳይቀንስ ወደ መሬት ይወርዳልና። ተጠባባቂ ፓራሹት አለው፤ ነገር ግን እርሱም ከጎታቹ ጥብጣብ ጋር ሊጠላለፍ ይችላል።

ምን ያህል ይጎትታል?

አሁን ወደ ሰሌዳው እንሂድ። አየር በጨርቅ ላይ የሚያሳርፈው ጉተታ በአራት ነገሮች ይወሰናል፦ በአየሩ እፍጋት፣ በፍጥነቱ ካሬ፣ በጨርቁ የገጽ ስፋት እና ከቅርጹ በሚመነጭ ቁጥር። የአራቱ ብዜት ግማሽ ጉተታው ነው።

በባሕር ወለል ከፍታ የአየር እፍጋት በአንድ ሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ግራም ነው። በሆዱ ተኝቶ የሚወድቅ ሰው የመጨረሻ ፍጥነቱ በሰከንድ 54 ሜትር ገደማ ነው። የቅርጹን ቁጥር ለምሳሌ ያህል 0.6 እንበል። ጎታቾች የሚለኩት በዲያሜትራቸው ሲሆን ለስፖርት የተለመዱት ከ24 እስከ 36 ኢንች፣ ማለትም ከ61 እስከ 91 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ስሌቱን ስንሠራ ባለ 24 ኢንቹ 32 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት የማንሳት አቅም ይኖረዋል፤ ባለ 30 ኢንቹ 50፤ ባለ 36 ኢንቹ 72።

ልብ በሉ፤ ዲያሜትሩ በግማሽ ሲያድግ ጉተታው ከእጥፍ በላይ ሆነ። የክብ ስፋት የሚያድገው በዲያሜትሩ ካሬ ነውና። ስለዚህ በእጅ ሲያዙ እምብዛም የማይለያዩ ሁለት ጎታቾች በአየር ላይ በጣም ይለያያሉ። ተማሪዬ የነበረው ባለ 30 ኢንች ነው፤ ጓደኛው ሊሸጥለት ያሰበው ባለ 24 ኢንች። በአንድ ዓይነት ጨርቅ ቢሠሩ ትንሹ የትልቁን 64 በመቶ ብቻ ይጎትታል።

ታዲያ ለምን ትልቁን ገዝተን አንገላገልም? ትልቅነትም ዋጋ ያስከፍላል። ከልክ በላይ የሚጎትት ጎታች ከረጢቱን በድንገት ይመነጭቀዋል፤ በየተራ ሊዘረጉ የሚገባቸው ገመዶች ከማሰሪያቸው በአንድ ጊዜ ይፈታሉ፤ ዋናው ፓራሹትም ያለ ጊዜው ይወጣል። ያን ጊዜ አከፋፈቱ አጥንት እስከ መስበር የሚደርስ ድንገተኛ ምት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ጎታች ከሁለት ጥፋቶች መካከል ያለ ነው። ያንን መካከል የሚያውቀው ዋናውን ፓራሹትና መያዣውን የሠራው አምራች ነው፤ ለየስፋቱ የሚስማማውን የጎታች ልክም በመመሪያው ላይ ይጽፋል።

የአዲስ አበባ አየር

አንድ ተማሪ ከትምህርቱ በፊት፣ «እዚህ አዲስ አበባ አየሩ ስስ ስለሆነ ትልቅ ጎታች ያስፈልጋል ማለት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። መልሱ ብዙዎችን ያስገርማል፤ ሙሉ ፍጥነት ላይ ለደረሰ ዘላይ ጎታቹ ያለው ጉተታ አይለወጥም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰው በነፃ ሲወድቅ ፍጥነቱ መጨመር የሚያቆመው የአየሩ ግፊት ከክብደቱ ጋር ሲስተካከል ነው። አየሩ ስስ ከሆነ ሰውየው ያንኑ ግፊት እስኪያገኝ ድረስ ፍጥነቱን ይጨምራል። ክብደቱ አንድ ስለሆነ የሚያርፍበትም ግፊት አንድ ነው፤ ጎታቹም የሚያገኘው ያንኑ ግፊት ነው።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮች ይለወጣሉ። አንደኛው ጊዜ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ትገኛለች። ከእኛ መሬት 1,000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚከፍት ዘላይ ያለበት አየር፣ በባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ በዚያው ከፍታ ካለው አየር በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ በ12 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ባሕር ዳርቻ ላይ 1,000 ሜትር ለመውደቅ 18 ሰከንድ ያህል ቢፈጅበት፣ እዚህ 16 ነው። ጎታቹ ሁለት ሰከንድ ቢዘገይ የቀረው 14 ነው።

ሁለተኛው በዝቅተኛ ፍጥነት የሚደረግ አከፋፈት ነው። በአየር ላይ ከቆመ ሄሊኮፕተር ወይም ከባሉን የዘለለ ሰው ፍጥነቱን የሚጀምረው ከዜሮ ነው። ከሦስት ሰከንድ በኋላ በሰከንድ 27 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ይህም የሙሉው ፍጥነት ግማሽ ነው። ፍጥነቱ ግማሽ ሲሆን ጉተታው ሩብ ይሆናል። ያ 50 ኪሎ ግራም የሚያነሳ ጎታች አሁን ከ13 ኪሎ ግራም በታች ያነሳል። አየሩም ስስ ሲሆን ከዚያ ላይ አንድ አምስተኛው ይቀነሳል። በሙሉ ፍጥነት ድክመቱን የሚሸሽግ ጎታች የሚጋለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጎታች ስንመርጥ የምንጠይቀው «ብዙ ጊዜ ይሠራል ወይ?» ብለን ሳይሆን «በሚከብደው ሁኔታ ይሠራል ወይ?» ብለን ነው።

ጨርቁና ዕድሜው

የጎታች ጨርቅ በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኤፍ-111 በመባል የሚታወቀው ጥቂት አየር የሚያሳልፍ ናይለን ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ለማጠፍም ይመቻል። ሁለተኛው በላዩ ላይ በተቀባው ሽፋን የተነሳ አየር የማያሳልፍ ናይለን ነው። የመጀመሪያው እያረጀ ሲሄድ የሚያሳልፈው አየር ይጨምራል፤ ጉተታውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ሁለተኛው ጉተታውን ለረጅም ጊዜ ይጠብቃል፤ በእኩል ዲያሜትርም የበለጠ ይጎትታል።

የተማሪዬ ጓደኛ ክርክር እዚህ ላይ ነው፦ «የእኔ ትንሽ ቢሆንም አየር አያሳልፍም፤ ስለዚህ ይካካሳል።» ሐሳቡ በአቅጣጫው ትክክል ነው፤ በመጠኑ ግን አይደለም። ባለ 24 ኢንቹ ባለ 30 ኢንቹን እንዲያክል ጨርቁ ብቻውን ጉተታውን በ56 በመቶ ሊጨምርለት ይገባል። አምራቾች አየር የማያሳልፈውን ጨርቅ ሲጠቀሙ ዲያሜትሩን በጥቂት ኢንች ይቀንሳሉ እንጂ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆን ስፋት አይጥሉም።

የጨርቁን መዳከም በቀላሉ ለመገመት ዘላዮች አንድ ዘዴ አላቸው፤ ጨርቁን ከአፍ አስጠግቶ መንፋት። ከአዲስ ጨርቅ ጋር ሲነጻጸር አየሩ እንደ ልብ ካለፈ ጨርቁ ደክሟል። ይህ ንጽጽር እንጂ ልኬት አይደለም፤ ለመጠራጠር ይበቃል፣ ለመተማመን ግን አይበቃም። ከጨርቁ ሌላ በግርጌው ያለው መረብ እንዳልተቀደደ፣ መረቡና ጨርቁ የተሰፉበት መስመርም እንዳልሳሳ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጎን የላላ ጎታች ቀጥ ብሎ አይጎትትም፤ እየተሽከረከረ ጉተታውን ያባክናል።

የማይታየው ገመድ

አሁን ብዙ ሰው ወደማያየው ክፍል እንምጣ። ዋናው ፓራሹት ከተከፈተ በኋላ ጎታቹ ከኋላው እየተነፋ ቢከተል በረራውን ያውካል። ስለዚህ በዘመኑ ጎታቾች ጥብጣብ ውስጥ አንድ ቀጭን ገመድ ያልፋል፤ ማክሰሚያ ገመድ ልንለው እንችላለን። ዋናው ፓራሹት ሲከፈት ይህ ገመድ የጎታቹን አናት ወደ ታች ይስበውና ጎታቹ ይከስማል። በሚቀጥለው ጊዜ ፓራሹቱ ሲታጠፍ ገመዱ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ዘላዩ የሚወረውረው የከሰመ ጎታች ነው፤ ዲያሜትሩ የቱንም ያህል ይሁን አይጎትትም። ብዙ አምራቾች በጥብጣቡ ላይ ትንሽ መስኮት ትተው በገመዱ ላይ ቀለም የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀለሙ በመስኮቱ ከታየ ጎታቹ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

ከዚህ የባሰው ግን ቀለሙም ታይቶ የሚያሳስተው ነው። ገመዱ ብዙውን ጊዜ ስፔክትራ ከተባለ ጠንካራ ክር ይሠራል። ስፔክትራ በሙቀት ይኮማተራል፤ በእያንዳንዱ አከፋፈት ገመዱ በጥብጣቡ ውስጥ ሲፈትግ ይሞቃል። ከብዙ ዝላይ በኋላ ገመዱ ያጥራል። ያጠረ ገመድ ጎታቹ «ተዘጋጅቷል» ሲባልም አናቱን ወደ ታች ስቦ ይይዘዋል፤ ጎታቹ አየር የሚሞላው በከፊል ይሆናል። በየዕለቱ ጥቂት በጥቂት ስለሚያጥር ዘላዩ አይታወቀውም፤ አንድ ቀን ግን ፓራሹቱ «ዛሬ ዘገየ» ያሰኛል።

ይህን መመርመር ቀላል ነው። ጎታቹን ሙሉ በሙሉ አዘጋጅቶ ጥብጣቡን ዘርግቶ መያዝ። ጥብጣቡ ቀጥ ብሎ በውስጡ ያለው ገመድ ጥቂት ልል ከሆነ መልካም ነው። ገመዱ ተወጥሮ ጥብጣቡ ከተጨማደደ ገመዱ አጥሯል።

«ገጠመ» እና «ተስማማ»

አሁን ወደ ተማሪዬ ቃል እንመለስ። «ከትጥቄ ጋር ሞክሬው ገጥሟል» አለ። በመርካቶ ሶማሌ ተራ ለመኪና ዕቃ የገዛ ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። ሻጩ ዕቃውን ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ ቀዳዳውን ከቀዳዳ፣ ጥርሱን ከጥርስ ያስተያይና «ይገጥማል» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን የፍሬን ሸራ መግጠሙ መኪናዋን ያቆማታል ማለት አይደለም። መግጠም የቅርጽ ጉዳይ ነው፤ መስማማት የሥራ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያውን በዓይንና በእጅ እናውቀዋለን፤ ሁለተኛውን የምናውቀው በስሌት፣ በአምራቹ መመሪያና በባለሙያ ምርመራ ነው።

የጎታቹ ነገር ደግሞ ከመኪናው በአንድ ነገር ይብሳል። የፍሬን ሸራ በዝግታ በሰፈር መንገድ ሊሞከር ይችላል። የጎታች የመጀመሪያ ሙከራው ግን ራሱ ዝላዩ ነው።

ሕጉም ሸክሙን በዘላዩ ላይ ይተወዋል። በአሜሪካ ተጠባባቂው ፓራሹት ከነጎታቹ የጸደቀ ደረጃ ሊኖረው ይገባል፤ የሚያጥፈውም የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ብቻ ነው፤ በ180 ቀን ውስጥ እንደገና መታጠፍ አለበት። የዋናው ፓራሹት ጎታች ግን እንዲህ ያለ የጸደቀ ደረጃ አይጠየቅበትም። ማንም ሊገዛው ይችላል። ስለዚህ «የተከለከለ አይደለም» የሚለው መልስ ምንም አያረጋግጥም።

መስማማት ከጉተታ በተጨማሪ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ኪሱ ነው። ለኪሱ የተለቀ ጎታች በጭንቅ ሰዓት አልወጣም ይላል። ለኪሱ ያነሰ ጎታች ደግሞ ሳይፈለግ ይወጣል፤ ዘላዩ በአውሮፕላኑ በር ላይ ሳለ ቢወጣ አደጋው ለአብራሪውና ለተሳፋሪው ሁሉ ነው። ሁለተኛው የጥብጣቡ ርዝመት ነው። ከሚወድቅ ሰው ጀርባ በላይ የተረበሸ አየር አለ፤ ወንዝ ውስጥ ከቆመ ድንጋይ በስተኋላ እንደሚሽከረከረው ውኃ። ጥብጣቡ ካጠረ ጎታቹ በዚያ ውስጥ ይቀርና በቂ አየር አያገኝም። ሦስተኛው መያዣው ነው፤ ኳስም ይሁን አጭር ቱቦ፣ ዘላዩ ዓይኑ ሳያይ፣ በጓንትም ቢሆን እጁ የለመደውን ማግኘት አለበት።

የሰጠሁት መልስ

ለተማሪዬ «ግዛ» ወይም «አትግዛ» አላልኩም። በቅድሚያ «እስከሚታወቅ ድረስ አትዝለል» ብዬ ጻፍኩለት። ቀጥሎም የመዘግየቱን ምክንያት ፈልግ አልኩት፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ የተለወጠ ዕቃ በሽታው ሳይታወቅ እንደተዋጠ መድኃኒት ነውና። የመያዣው መዝጊያ ከልክ በላይ ጠብቆ ፒኑን አስቸግሮት ሊሆን ይችላል። ጥብጣቡ በትክክል አልዞረ ይሆናል። ገመዱ አጥሮ ይሆናል። ጨርቁ ደክሞ ይሆናል። አራቱንም የምስክር ወረቀት ካለው የፓራሹት ባለሙያ ጋር ሆኖ እንዲመረምር ነገርኩት።

ከሳምንት በኋላ መልሱ መጣ። መዝጊያውና ጥብጣቡ ደህና ነበሩ። ገመዱ ግን በብዙ ሳንቲ ሜትር አጥሯል፤ ጨርቁም በአፍ ሲነፋ አየሩን እንደ ልብ ያሳልፋል። ሁለቱ ድካሞች ተደራርበው ነበር። እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ለጊዜው ይሸፈን ነበር፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግን ሁለት ሰከንድ ወሰዱበት። ገመዱን ብቻ ማስለወጥ ይቻል ነበር፤ የደከመ ጨርቅ ላይ አዲስ ገመድ ማሰር ግን ግማሽ ጥገና ነው።

የዋናው ፓራሹቱ ስፋት 170 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 16 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። አምራቹ ለዚያ ስፋት የጻፈውን ልክ ተከትሎ፣ አየር ከማያሳልፍ ጨርቅ የተሠራ አዲስ ጎታች ከነጥብጣቡ ገዛ፤ ባለሙያው አሰረለት። የጓደኛውን ጎታች በምስጋና መለሰ። ያም ጎታች ለትንሽ ፓራሹት መልካም ዕቃ ነው፤ ጥፋት የለበትም፤ ለእርሱ ግን አልተስማማም።

በመጨረሻ የጻፈልኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «መምህር፣ አሁን ሲከፈት የምነግርዎት ነገር የለኝም።» ከዚህ የተሻለ ውጤት አላውቅም።

ከታዳሚዎች ጥያቄዎች

አንድ ታዳሚ፦ በመርካቶ ጎበዝ ሰፊዎች አሉ። ናሙናው ቢሰጣቸው ጎታች መስፋት አይችሉም?

መልስ፦ እጃቸው አያንስም፤ በውጭም የሚሰፋው የሰው እጅ ነው። የሚጎድለው ናሙናው የማያሳየው ነገር ነው፤ የጨርቁ አየር የማሳለፍ መጠን፣ የክሩ ጥንካሬ፣ የገመዱ ርዝመት ከጥብጣቡ ጋር ያለው ዝምድና። ደግሞም አሮጌ ናሙና የሚያስተምረው የተኮማተረውን ልክ ነው። የተማሪዬ ጎታች ተቀድቶ ቢሰፋ ኖሮ በሽታውም አብሮ ይቀዳ ነበር። ንድፉ፣ ትክክለኛው ጨርቅና የሙከራ ሥርዓት ካሉ ግን እዚህ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

በዕድሜ የገፉ አንድ የቀድሞ የአየር ወለድ አባል፦ ልጄ፣ እኛ ደብረ ዘይት ስንዘል ገመዱ ከአውሮፕላኑ ጋር ታስሮ ነበር። ይህ ሁሉ ጭንቀት አልነበረብንም።

መልስ፦ እውነትዎን ነው አባቴ። ለእርስዎ የሚጎትተው አውሮፕላኑ ነበር፤ እርሱ አይደክምም፣ አያጥርም። ነገር ግን ያንን ገመድ ከመዝለልዎ በፊት የሚመረምር ሰው አልነበረም?

ጠያቂው፦ እንዴት አይኖር! አንዱ የሌላውን ሳያይ ማንም አይወጣም ነበር።

መልስ፦ እንግዲያው ጭንቀቱ ነበር፤ በሥርዓት ተከፋፍሎ ስለነበር አልከበደዎትም። የዛሬው ዘላይ ያንን ሥርዓት ለብቻው መሸከም አለበት። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው፤ ሁለት ሰከንድ የዘገየ ፓራሹት ገና አልተቃጠለም፤ ጭሱን ግን አሳይቷል።